ድፍርስ ውሃ ውስጥ የባሕር ሣር ለመቃኘት፦ ድሮን፣ ካሜራ ወይስ ሶናር?

አሜሪካ፣ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት ክንዳችሁን ውሃ ውስጥ ብትከቱ ጣታችሁ ላይታያችሁ ይችላል። የባሕር ሣሩ ግን እዚያው ሥር ነው። የሸርጣን ግልገሎች ከአዳኝ የሚሸሸጉት እሱ ውስጥ ስለሆነ የት እንዳለ፣ የት እንደጠፋ ማወቅ የግድ ነው። ታዲያ በትንሽ በጀት ምን ይገዛ?

ድሮኑ ይቆይ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ ሣሩ ከአውሮፕላን በሚነሣ ፎቶ ይለካል፤ ለዚያ ግን ውሃው የጠራበት፣ ነፋስ የሌለበትና ባሕሩ የሸሸበት ሰዓት ይመረጣል። ድሮንም ያው ነው። ድፍርስ ውሃን ሰንጥቆ አያይም።

ሶናር ጭቃ አያግደውም። የሚሠራው ድምፅ ልኮ ማሚቶውን በመቀበል ነዋ! የሣሩ ቅጠል ውስጥ ያለው አየር ድምፁን መልሶ ስለሚያስተጋባ፣ ለስላሳው አሸዋ ላይ ሣሩ እንደ ሻካራ ምንጣፍ ጎልቶ ይወጣል። ለዓሣ አጥማጆች የሚሸጠው፣ ጎንና ጎኑን የሚቃኘው ዓይነት ለጀማሪ ይበቃል። የድምፁ ድግግሞሽ በ455 ኪሎኸርትዝ ሲሆን ሰፋ ያለ ቦታ ታያላችሁ፤ በ800 ደግሞ ጠበብ ያለ ግን የጠራ ምስል። ድክመቱ፦ ውሃው ከአንድ ሜትር ካነሰ ይቸገራል፣ የሣሩንም ዓይነት አይለይም።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዞስቴራ የሚባለውን የባሕር ሣር እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የበረታ ሙቀት ክፉኛ መትቶታል፤ ሩፒያ የሚባለው ሌላው ሣር ግን ሙቀት ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ቅጠሉን ማየት ያስፈልጋል።

ለዚህ በገመድ የሚወርድ ካሜራ አለ። ብቻውን ከሆነ ስክሪኑ ላይ ቡናማ ነገር ብቻ ታያላችሁ። መላው ከሌንሱ ፊት ንጹሕ ውሃ የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን መግጠም ነው። ሣጥኑ ሣሩ ላይ ሲያርፍ ካሜራው በንጹሑ ውሃ አልፎ ያያል፤ የሚቀረው ድፍርስ ውሃ ስስ ነው። መብራቱን ከሌንሱ ራቅ አድርጋችሁ በጎን እሰሩት። አጠገቡ ከሆነ ጉም ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት እንደማብራት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ ሶናሩን ግዙ፤ ካሜራው ይከተላል። ለጊዜው ሣሩን የምትለዩት ባለ ጥርስ መቧጠጫ አውርዳችሁ ጥቂት ቅጠል በማውጣት ነው። ሶናሩን ስትገዙ ግን ቅኝቱን ከጂፒኤስ ጋር ሚሞሪ ካርድ ላይ እንደሚቀዳ አረጋግጡ። አንዳንዱ ርካሽ ሞዴል በስክሪን ብቻ ያሳያችኋል፤ ቤት ስትመለሱ ካርታ የምትሠሩበት ምንም ነገር አይኖራችሁም።