ሥዕል ለመስቀል፦ ምስማር ወይስ የግድግዳ ሐዲድ?

ደብረ ብርሃን ላይ የሥዕል ማሳያ ለሚከፍት ሰው ይህ ምርጫ አይቀርለትም። ሐዲድ ማለት ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በአግድም የሚታሰር፣ ሥዕሎች በመንጠቆና በሽቦ የሚንጠለጠሉበት ዘንግ ነው።

ወጪ፦ ምስማር ርካሽ ነው፤ ሥዕል በተቀየረ ቁጥር ግን ቀዳዳ መድፈንና ቀለም መቀባት ይከተላል። ሐዲድ መጀመሪያ ኪስ ይጎዳል፤ ኋላ መንጠቆውን ማንሸራተት ብቻ ነው።

ግድግዳ፦ ወሳኙ ይህ ነው። ብሎኬት ከሆነ ሐዲዱ በፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) እና በብሎን ይታሰራል። የጭቃ ቤት ልስን ግን ክብደት አይችልም፤ ሐዲዱ ከውስጥ ካለው ቋሚ እንጨት ጋር መያያዝ አለበት። ለከባድ ሥዕል ምስማርም እንዲሁ።

አደጋ፦ ከሐዲድ በሽቦ የተንጠለጠለ ሥዕል ሲነካ ይወዛወዛል። ከፊቱ የገመድ አጥር ይቁም፤ የተዘረጋ እጅ ሸራው ላይ እንዳይደርስ ይራቅ። እጁን የማይዘረጋ ጎብኚ ገና አልተወለደም!

ለማይለወጥ ስብስብ ምስማር ይበቃል። ዐውደ ርዕይ ለሚፈራረቅበት አዳራሽ ሐዲድ ይሻላል። በኪራይ ቤት ከሆነ፣ ከመብሳት በፊት አከራዩን ማነጋገር ይቀድማል።