ሴንቲኔል-2 የታመመ ደን ቀድሞ ያሳያል ወይ? ኮፐርኒከስ ብራውዘር ሲፈተሽ

የአውሮፓ ኅብረት የሳተላይት ምስሎች ማሳያ ድረ ገጽ የሆነው ኮፐርኒከስ ብራውዘር ክፍያ የለውም፤ በኢሜይል መመዝገብ ይበቃል። ምድርን የሚያነሱት የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ምስል በ5 ቀን አንዴ ይገኝበታል። ለደን ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ነጻ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል፤ ነጠላ በሽተኛ ዛፍ ይለይልኛል ብሎ የገባ ግን ያፍራል።

እርጥበት የሚያነበው ባንድ 11 (ባንድ ማለት ሳተላይቱ ለየብቻ የሚለካው የብርሃን ክልል ነው) አንዷ የምስል ነጥቡ 20 በ20 ሜትር ናት፤ 400 ካሬ ሜትር። አናቱ 5 ሜትር የሰፋ ዛፍ ከዚያ ውስጥ የሚይዘው 20 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ድርቅ በኋላ በጀርመን የሃርዝ ተራሮች ስፕሩስ የተባለውን ጽድ መሰል ዛፍ የጨረሰው የቅርፊት ጥንዚዛ ደግሞ ሙቀቱ ከተመቸው ከ6 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ ተራብቶ ወደ ጎረቤት ዛፍ ይሻገራል። አናቱ ከቀላ በኋላ ማየት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጥንዚዛው ይዞት የሚገባው ፈንገስ የውሃ መተላለፊያውን ስለሚደፍን ዛፉ አረንጓዴ እንደሆነ ውስጡ ይደርቃል። ስለዚህ የአረንጓዴነት መለኪያውን ኤንዲቪአይን ትታችሁ የእርጥበት መለኪያውን ኤንዲኤምአይን ክፈቱ። ኤል2ኤ የሚለውን (የአየሩ ተጽዕኖ የተስተካከለበትን ምስል) ምረጡ፤ በካርታው ላይ የደኑን ወሰን ስትስሉ መንገድና እርሻ እንዳይቀላቀል ከደኑ ዳር 20 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ግቡ። ለወሰኑ የሚወጣውን የኤንዲኤምአይ ግራፍ ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወር ጋር፣ እንዲሁም አጠገቡ ካለ እኩያ ጤናማ ደን ጋር አስተያዩ። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ድርቅን ጠርጥሩ፤ አንዱ ብቻ ከወረደ ሰው ላኩ። ዛፍ ተቆርጦም ሊሆን ይችላል፤ ግንዱ ሥር እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ብናኝ ካለ ግን ጥንዚዛው ገብቷል።

የደመና ማጣሪያውን 20 በመቶ ላይ አትዝጉት። ቁጥሩ የሚሰላው ለ110 በ110 ኪሎ ሜትር ምስል ስለሆነ፣ 60 በመቶ በተሸፈነውም ላይ የእናንተ ደን ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። በእኛ ክረምት ያለዚህ ምንም አይገኝም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ፋይሉን አውርዶ ራሱ ሲያሰላ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 መጨረሻ ጀምሮ በየባንዱ ላይ 1000 ይደመራል፤ መጀመሪያ እሱን መቀነስ ያስፈልጋል። ኤንዲቪአይ የባንድ 8 እና የባንድ 4 ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ነው፤ ባንድ 8 እውነተኛ ዋጋው 3000፣ ባንድ 4 ደግሞ 300 ከሆነ 0.82 ይሆናል። ሳይቀነስ 4000 እና 1300 ተብሎ ከተሰላ 0.51 ይወጣል፤ ጤነኛው ደን በአንድ ሌሊት የታመመ ይመስላል። ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ግራፍ ይህ ችግር የለበትም።

ሳተላይቱ የሚያልፈው ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ ስለሆነ ወደ ምዕራብ የዞረ ገደል ጥላ ይውጠዋል። የፈረንጅ ጽድን የሚያደርቀው ክሽክሽ የተባለው ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ነፍሳትም ብዙ ጊዜ ከውስጥ ቅርንጫፎች ስለሚጀምር ከላይ ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ እዚያ ከሥር ቀና ብሎ ማየት የግድ ነው።