ኤስአርኤ ቱል፦ ለትንንሽ ክሊኒኮች የተዘጋጀው ነፃ የሂፓ መገምገሚያ

የአሜሪካው የጤና መረጃ ሕግ ሂፓ፣ ሁለት ሐኪም ብቻ ያለውን ክሊኒክም ቢሆን የታካሚ መረጃውን ምን እንደሚያሰጋው የሚያሳይ፣ በጽሑፍ የሰፈረ የስጋት ግምገማ እንዲያዘጋጅ ያስገድደዋል። ትልቅ ሆስፒታል ለዚህ ባለሙያ ይቀጥራል፤ ትንሹ ጋ ግን ሥራው የሚወድቀው ቀጠሮና ኢንሹራንስ በሚይዘው ሠራተኛ ላይ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ያዘጋጀው ኤስአርኤ ቱል የተባለው የስጋት መገምገሚያ ፕሮግራም ይህንን ሸክም በእርግጥ ያቀላል።

ፕሮግራሙ ዊንዶውስ ላይ ይጫናል፤ ማክ የሚጠቀም የኤክሴሉን ቅጂ ያወርዳል። የተሞላው ሁሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል እንጂ ወደ መንግሥት አይላክም፤ ስለዚህ ጉድለትን ሳይሸፍኑ መመለስ ይቻላል። ሰባት ክፍል አለው። ጥያቄዎቹ ምርጫ ያላቸው ናቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ስጋት የመድረስ ዕድሉና የሚያስከትለው ጉዳት ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል።

ፈተናው የታካሚ መረጃ የሚይዙ ዕቃዎችን ዝርዝር መሙላቱ ነው። ፕሮግራሙ ያልተመዘገበ ዕቃ መኖሩን አያውቅም። ላፕቶፑን ሁሉም ያስታውሳል፤ የሐኪሙ የግል ስልክ፣ አልትራሳውንዱና ፎቶ ኮፒው ግን ይዘነጋሉ። አፊኒቲ የተባለው የኒውዮርክ የጤና መድን ድርጅት የተከራያቸውን ፎቶ ኮፒዎች ሃርድ ድራይቫቸው ላይ የቀረውን የታካሚ መረጃ ሳያጠፋ በመመለሱ በ2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ስለዚህ መጀመሪያ በየክፍሉ እየዞሩ የታካሚ መረጃ የሚያልፍበትን ሁሉ ወረቀት ላይ ማስፈር ይቀድማል።

የውጭ ድርጅቶችም እንዲሁ ናቸው። ቢሊንግ (የክፍያ ሒሳብ) የሚሠራው ይመዘገባል፤ በስልክ የሚያስተረጉመው ይረሳል። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ በሚበዛባቸው እንደ ሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ ቦታዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ክሊኒኩ የቀጠረው አስተርጓሚ ድርጅት የታካሚን መረጃ ለመጠበቅ የሚያስገድደውን የሂፓ ውል መፈረም አለበት። ታካሚው ይዞት የመጣ ዘመድ ግን ውል አይጠየቅም።

የፕሮግራሙ ትልቁ ጉድለት በመጨረሻ የሚያወጣው ሪፖርት ላይ ነው። ክፍተቱን ያሳያል፣ የማስተካከያ ዕቅዱን ግን ራሱ አይጽፍም፤ ሕጉ ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ ክፍተት አጠገብ ምን እንደሚደረግ፣ በማንና እስከ መቼ እንደሆነ መጻፍና ሰነዱን ለ6 ዓመት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። «የሂፓ ሰርተፍኬት እንሰጣለን» ለሚሉ ድርጅቶች ከመክፈል በፊት መንግሥት ዕውቅና የሰጠው እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት እንደሌለ ይታወቅ። ያ ገንዘብ ላፕቶፖችን ኢንክሪፕት ለማድረግ፣ ማለትም መረጃቸው ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ለማመስጠር ቢውል ይሻላል፤ በአግባቡ ኢንክሪፕት የተደረገ ላፕቶፕ ቁልፉ አብሮ ካልተወሰደ በስተቀር ቢሰረቅ እንኳ ለታካሚዎች በ60 ቀን ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አይመጣም።