ለደብረ ማርቆሷ ጠበቃችን ከልብ እናመሰግናለን

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያሉ የበቆሎ ነጋዴዎች መጋዘን የሚገባና የሚወጣውን ኩንታል በስልክ የሚመዘግቡበት ሶፍትዌር ሠርተናል። ሦስት ጓደኛሞች ነን። ገና ጀማሪ ነን፤ ያሉን ደንበኞች ዘጠኝ ናቸው።

አንድ አማካሪ «ፓተንት (ፈጠራችሁን ሌላ ሰው እንዳይሠራበት የሚከለክል መብት) ሳታወጡ ለሰው ካሳያችሁ ተበላችሁ» ብሎን እንቅልፍ አጥተን ከረምን። ያጠራቀምናትን 120 ሺህ ብር ይዘን፣ የፓተንት ማመልከቻ እንዲጽፉልን ደብረ ማርቆስ ጠበቃችን ዘንድ ሄድን።

እሳቸው ግን «እስቲ መጀመሪያ ልየው» አሉ። ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አንድ ኩንታል መዘገቡ። ከዚያ የፈጠራ አዋጁን፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987ን፣ አውጥተው አንቀጽ 4ን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልን። የኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች መካከል በግልጽ ተጽፏል። «አሜሪካ ብናወጣስ?» አልናቸው። እዚያ አንዳንድ ሶፍትዌር ፓተንት ያገኛል። ግን ፓተንት በየአገሩ ነው፤ አሜሪካ የወጣ ቡሬ ላይ ማንንም አይከለክልም። «ልጆቼ፣ ብራችሁን አታባክኑ» አሉን።

ኮዱማ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጅ መብት አለው፤ መብቱን ለማግኘት ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ሌላ ሰው ሐሳቡን ወስዶ የራሱን ኮድ ቢጽፍ ግን አይከለከልም። ይህንንም አልደበቁንም።

ቀጥለው የጠየቁን ነገር ነው ያስደነገጠን። «ከሦስታችሁ አንዱ ነገ ቢወጣ ኮዱ የማን ነው?» ተያየን። በመካከላችን አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረም። ከሰዓቱን ሙሉ ቁጭ ብለው የመሥራቾች ስምምነት አረቀቁልን። ስማችንን በንግድ ምልክት እንድናስመዘግብም መከሩን። ከሚዛኑ ጋር የምትያያዘው ትንሿ መሣሪያችን ግን ሌላ ጉዳይ ናት። እሷ አዲስ ከሆነች በፈጠራ ፓተንት ወይም ለአነስተኛ ፈጠራ በሚሰጠው መብት ልትጠበቅ ትችላለች። እስክንወስን ድረስ ኤግዚቢሽን ላይ እንዳናወጣት አስጠነቀቁን፤ አስቀድሞ ማሳየት በብዙ አገር መብት ያሳጣል።

ማመልከቻውን ዝም ብለው ጽፈው ገንዘባችንን መቀበል ይችሉ ነበር። የወሰዱት የምክርና የስምምነቱን ክፍያ ብቻ ነው። የቀረው ብር ዛሬ ደንበኛ ፍለጋ ላይ እየዋለ ነው። እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ።

ጎጃም ውስጥ ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ ፈቅደውልኛል። የሠራችሁትን ስልክ ላይ ጭናችሁ ሂዱ። ሳያዩ አይመክሩም።