የሥራ ታሪክን ከራጅ ለሚያስቀድሙ የሙያ ጤና ነርሶችና ሐኪሞች ምስጋና

ይህ ምስጋና በአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከብ ጣቢያዎች ሲቪል ሠራተኛ ሆነው ያገለገሉ አባቶችን ለሚመረምሩ የሙያ ጤና ክሊኒኮች ነው። የብሩክሊን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የቦስተኑ በ1974፣ ማሬ አይላንድ በ1996፣ ሎንግ ቢች በ1997 ተዘግተዋል። በመርከብ ቧንቧና ቦይለር መሸፈኛነት ያገለግል የነበረው የአስቤስቶስ ማዕድን አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ በሽታው ግን ብዙ ዓመት ተደብቆ ይቆያል፤ ሜሶቴሊዮማ የሚባለው ካንሰር ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ ታማሚውን ከነታሪኩ የሚቀበሉት እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው።

ከሁሉ በፊት ነርሶቹን እናመስግን። «ሥራዎ ምን ነበር?» ብለው አያልፉም። የትኛው መርከብ፣ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ዓመት፣ አጠገብዎ ማን ይሠራ ነበር እያሉ ይጠይቃሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ዋጋው ትልቅ ነው። በያጅ ወይም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ አባት «እኔ አስቤስቶስ ነክቼ አላውቅም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ቧንቧውን የሚሸፍኑት ሌሎች ነበሩ። ነገር ግን በጠባቡ የቦይለር ክፍል ውስጥ አሮጌ ሽፋን በደረቁ ሲገነጠል አቧራው ለሁሉም እኩል ነበር። ከባልዲ ውስጥ የሚቦካው የአስቤስቶስ ሲሚንቶ፣ እየተቆረጠ የሚሰፋው ጨርቅ፣ ከፍላንጅ (ከቧንቧ መጋጠሚያ) ላይ በሽቦ ብሩሽ የሚፋቀው አሮጌ ጓርኒሲዮን፣ በያጆች ከእሳት ፍንጣሪ የሚከለሉበት ብርድ ልብስ፣ ሁሉም በስም እየተጠራ ካልተጠየቀ አይታወስም። የሥራ ልብሱን ቤት ውስጥ ያጠበችው ሚስትም ትጠየቃለች፤ እሷም ተጋልጣለች።

ዓመተ ምሕረቱ የሚጻፈው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፌዴራል የአስቤስቶስ ገደብ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር 5 ፋይበር ይፈቅድ ነበር፤ የዛሬው 0.1 ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራ ሰው ምን ያህል እንደተነፈሰ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ቀጥሎ ራጁ አለ። እዚህ ላይ የምንጠቁመው ቢ ሪደር የሚባሉትን ሐኪሞች ነው። የአሜሪካው የሙያ ጤና ተቋም ኒዮሽ ፈትኖ የሚያረጋግጣቸው ናቸው፤ የስማቸውን ዝርዝርም በየክፍለ ግዛቱ ለሕዝብ ያወጣል። ራጁን ከመደበኛ ምስሎች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ጠባሳው ምን ያህል እንደበዛ ከ0 እስከ 3 ባለ ደረጃ ይመድቡታል። 1/0 የሚል ንባብ ማለት ሐኪሙ 1 ብሎ ወስኗል፣ 0 ሊሆን እንደሚችልም በቁም ነገር አስቦበታል ማለት ነው። ተራ የራጅ ዘገባ «ቀላል ጠባሳ ይታያል» ብሎ ያልፋል፤ ለካሳ ጥያቄ ይህ ደካማ ማስረጃ ነው።

ራጁ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ምስሉ ከነጣ የሌለ ጠባሳ ያሳያል፣ ከጠቆረ ያለውን ይደብቃል። አንሺው «አየር ሳቡና ያዙ» ሲል በደንብ ካልተሳበ ወይም ሰውየው ወፍራም ከሆነ የሳንባው ታችኛ ክፍል ይጨናነቃል፤ አስቤስቶሲስ (ከአስቤስቶስ የሚመጣው የሳንባ ጠባሳ) የሚጀምረውም እዚያው ስለሆነ ይምታታል። ጥሩ ክሊኒክ እንዲህ ሲገጥመው ራጁን ይደግማል፣ ወይም ታማሚውን በሆዱ አስተኝቶ ሲቲ ስካን ያነሳል። በጀርባ ሲተኙ ታች የሚጠራቀመው ጥላ በሆድ ሲተኙ ከጠፋ ጠባሳ አልነበረም፤ ካልጠፋ ጠባሳ ሊሆን ይችላል።

የትንፋሽ ምርመራውም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢያንስ 3 ተቀባይነት ያላቸው ንፊያዎች ያስፈልጋሉ፣ ሁለቱ ትልልቆቹም ከ0.15 ሊትር በላይ መለያየት የለባቸውም። በአንድ ንፊያ ብቻ የተሠራ ወረቀት ከሰጧችሁ አትቀበሉ። በደንብ የሚገጥም አርቲፊሻል ጥርስ ያለው አባት አውልቆ እንዳይነፋ፣ ከንፈሩ ዙሪያ አየር ያመልጣል። የጋዝ ዝውውር ምርመራም ይጠየቅ፤ ሳንባው ኦክስጅን ወደ ደም የማሳለፍ አቅሙ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይታያል።

አሁን ደብዳቤው። የፌዴራል ሲቪል ሠራተኛ የነበረ ሰው ካሳ የሚጠይቀው በሠራተኛ ሚኒስቴር በኩል ነው፤ የሙያ በሽታ ማመልከቻው ሲ ኤ 2 ይባላል። ከሐኪሙ የሚጠበቀው የበሽታ ስም ብቻ አይደለም። መጋለጡ በሽታውን እንዴት እንዳመጣው ምክንያቱን መጻፍ አለበት። «ከሥራው ጋር ሊያያዝ ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንደ ግምት ተቆጥሮ ውድቅ ይሆናል። እነዚህ ክሊኒኮች ግን የመጋለጡን ዓመታት፣ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ፣ የራጁን ንባብና የትንፋሹን ቁጥር አንዱን ከአንዱ አያይዘው ይጽፋሉ። ምስጋናችን ይበልጥ የሚጸናው እዚህ ላይ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ የሚወድቀው በሽታ ስለሌለ ሳይሆን ደብዳቤው ስለሳሳ ነው።

ሲጋራ ያጨሱ አባቶች ይህን ሳይደብቁ ይናገሩ። አስቤስቶስና ሲጋራ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰርን አደጋ እጅግ ያባብሱታል፤ ማቆሙ በ75 ዓመትም ይጠቅማል። ሜሶቴሊዮማ ግን ከሲጋራ ጋር አይያያዝም፣ ስለዚህ «አጫሽ ነበርክ» ተብሎ የሚመለስ ሰው አይኑር።

ለጊዜው ትኩረት ስጡ። የፌዴራል ሠራተኛ በሽታው ከሥራው ጋር እንደሚያያዝ ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለው። በግል የመርከብ ጣቢያ የሠራ ሰው በሌላ ሕግ ይዳኛል፣ እዚያ ጊዜው 2 ዓመት ነው። ባሕረኛ ሆኖ ያገለገለ ደግሞ ወደ ቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሂድ። በአንዱ በር የጠፋ ጊዜ በሌላው አይመለስም፣ ስለዚህ ነርሷ «ደመወዝ የከፈለዎ ማን ነበር?» ስትል እንደ ተራ ጥያቄ አትዩት።

ለቀጠሮው የሥራ መደብና ቀን የሚያሳዩትን አሮጌ የቅጥር ወረቀቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጠፉ ከብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ይጠየቃሉ። የራጁን ዘገባ ብቻ ሳይሆን ምስሉን በዲስክ ውሰዱ። ከሳንባ ወይም ከሳንባ ሽፋን ናሙና የተወሰደ ከሆነ ሆስፒታሉ በሰም የያዘውን እንዳያስወግድ በጽሑፍ አሳውቁ፤ አባት ካረፉ በኋላ ልጆች ወይም ሚስት ሲ ኤ 5 በሚባለው የካሳ ማመልከቻ ቅጽ ሲያመለክቱ ያ ናሙና እንደገና ሊታይ ይችላል።