ሽሮ ሜዳ ከጓደኞች ጋር፦ የሐበሻ ቀሚስ ግዢና የቅዳሜ ምሳ

ለሠርግ ወይም ለበዓል አንድ ዓይነት ለመልበስ ተማክረው ቅዳሜና እሑድን አዲስ አበባ ለሚያሳልፉ ጓደኛሞች ከሽሮ ሜዳ የተሻለ የሐበሻ ልብስ ገበያ የለም። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ አካባቢ የተደረደሩት ሱቆች ከነጠላ እስከ ጋቢ፣ ከሽንሽን ቀሚስ እስከ ሕፃናት ልብስ ሁሉንም ይዘዋል። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በሰፈሩ ስለሚኖሩ ከሸማኔው እጅ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ አጭር ነው። ችግሩም ከዚሁ ብዛት ይመጣል። በእጅ የተሸመነው፣ በመኪና የተጠለፈውና ታትሞ ከውጭ የገባው ጎን ለጎን ይሰቀላል፤ ሦስቱም "የእጅ ሥራ ነው" ሲባልላቸው ይሰማል። ገበያው የሚክሰው ጨርቁን ገልብጣ የምታይ ሴትን ነው።

መጀመሪያ የጥበቡን ጀርባ እዩ። በእጅ የተሸመነ ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ ስለሚሠራ ቀለሙ በጀርባም በኩል ይታያል፤ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ክሮችም በጣት ይዳሰሳሉ። የታተመው በጀርባው ደብዝዞ ወይም ጭራሽ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በመኪና የተጠለፈው ደግሞ ከሥሩ ሌላ ክርና እንደ ወረቀት የደረቀ ማጠንከሪያ አለው፣ አንገት ላይ ሲያርፍ ይኮሰኩሳል። ከዚያ ነጩን ጨርቅ ወደ ብርሃን አንሡት። የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ይህን እንደ ጉድለት አትቁጠሩበት። መነን የሚባለው ወጥና ለስላሳ ነው፣ ሰውነት ላይ ለሚያርፍ ቀሚስ ይመቻል። ለሰፊና ለሽንሽን ቀሚስ ግን ፈትል ይመረጣል፣ አየር ያስገባል።

ቀለም መልቀቁን ሳትፈትሹ ገንዘብ አታውጡ። ሶፍት በውኃ አርጥባችሁ፣ በቀዩ ወይም በጥቁሩ ጥበብ ጫፍ ላይ ለአሥር ሰከንድ ያህል ጫን አድርጋችሁ እሹት። ሶፍቱ ከቀላ ያ ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ወደ ነጩ ይፈሳል፣ ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ በጣም ከባድ ነው። አስቀድማችሁ ሻጩን አስፈቅዱ፤ በጨርቁ የሚተማመን ነጋዴ አይከፋውም። ቀለም ስትመርጡም ከሱቁ አምፖል ወጥታችሁ በር ላይ እዩት፤ ወይን ጠጅና ጥቁር ሰማያዊ በአምፖል ሥር ይምታታሉ።

ለጓደኛሞች ትልቁ ፈተና ለሁሉም የሚበቃ አንድ ዓይነት ጥበብ ማግኘት ነው። ያው ቀይ የተባለ ክር በሌላ ጊዜ ሲነከር ትንሽ ይለያል። አንዱን ለብቻው ሲያዩት አይታወቅም፤ አራት ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ፎቶ ሲነሱ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የሁላችሁንም ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ጥቅል ግዙ። ለአምስተኛዋ ካልደረሰና "ሰኞ ይመጣል" ከተባላችሁ፣ የሁላችሁንም የእጅጌ ጥበብ አስቀርታችሁ ያለውን ማብቃቃት ይሻላል። አዲስ ሰፊ ጥበብ ማሸመን የሁለት ቀን ሥራ አይደለም። በቀኑ ይደርሳል ብሎ ቀብድ የሚጠይቅ ካለ፣ ከተማ ውስጥ ተከታትሎ የሚቀበልላችሁ ሰው ከሌለ አትስማሙ።

የተሰፋ ቀሚስ ከወሰዳችሁ ውስጡን ገልብጡት። በየጎኑ ስፌት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ጨርቅ ካለ ኋላ ማስፋት ይቻላል፤ ጫፉ ድረስ ከተቆረጠ ግን ልብስ ሰፊም አያድነውም። የታችኛው እጥፋት 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ቁመቱ ይቀንሳልና። ገበሩን አትርሱ። ቀጭን ሸማ በፀሐይ ውስጥ ያሳያል፣ በአምፖል ሥር ግን አያስታውቅም። ገበሩ ጥጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ላስቲክነት ያለው ጨርቅ ሠርግ ላይ ያልባል። ስትለኩም በሠርጉ ቀን የምታደርጉትን ጫማና የውስጥ ልብስ አድርጋችሁ ይሁን፤ በሸበጥ ተለክቶ ለተረከዝ ጫማ የሚሰፋ ቀሚስ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። እጃችሁን አንሡ፣ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን ነቅንቁ። ብብቱ ከጠበበ እስክስታ ላይ መጀመሪያ የሚተረተረው የጀርባው ዚፕ ነው።

ነጠላው ከቀሚሱ ጋር መሸጥ አለመሸጡን በቃል አረጋግጡ፤ ዘርግታችሁም ጥበቡ ከቀሚሱ ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ታጥፎ በላስቲክ የሚሰጠው ነጠላ አንዳንዴ የሌላ ቀሚስ ጓደኛ ሆኖ ይገኛል። የጫፉ ክር መቋጨቱንም ተመልከቱ፤ ያልተቋጨ ከሆነ በእጥበት ይተረተራል።

ዋጋ ላይ አንዷ ብቻ ትናገር። ሁሉም በየአፋቸው "ያምራል!" ካሉ በኋላ ሻጩ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። የመጀመሪያውን ሱቅ ለመጠየቂያ ተጠቀሙበት፣ ሦስት አራት ሱቅ አዳርሳችሁ ተመለሱ። ጨርቁን፣ ስፌቱንና ነጠላውን ለየብቻ አስነግሩ፤ ተደምሮ የሚነገር ዋጋ የቱ ላይ እንደተጨመረ አይታወቅም። ከዚያ በብዛቱ ተደራደሩ፦ "አራቱንም ከወሰድን የመጨረሻ ስንት?" በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ለመክፈል ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቀብድ የሚሆን ጥሬ ብር በእጅ መኖሩም ይጠቅማል። አንዷ ከፍላ ሌሎቹ ለእሷ ቢያስተላልፉ ሒሳቡ አይምታታም። ለማንኛውም ቀብድ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የመረጣችሁትን ጥበብ ከሱቁ ስም ጋር በስልክ ፎቶ አንሡት።

ሰዓቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከገናና ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ፣ ከቀትር ወዲያ መተላለፊያው ይጨናነቃል፤ ሻጩም ለማስለካት ትዕግሥት የለውም። እሑድን ለማስተካከያ ብቻ ተዉት፣ አንዳንዱ ሱቅ ይዘጋል።

ምሳውን እዚያው አካባቢ ካሉ ሥጋ ቤቶች ብትበሉ ይመከራል። ሥጋው ከመጠበሱ በፊት በኪሎ ይመዘናል፣ ሲመዘን ቁሙ። እሳት ላይ ሩብ ያህሉ ስለሚቀንስ አንድ ኪሎ ለአራት ሴት ከሽሮ ጋር በቂ ነው፤ ያለ ሽሮ ግን ያንሳል። ሸክላ ጥብስ ካዘዛችሁ ፍሙ ሥጋውን ማድረቁን ስለሚቀጥል ቶሎ ብሉት። ጾም ከሆነ አንድ ትልቅ በየዓይነቱ ለሁለት አዙና እንጀራ አስጨምሩ፤ ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ማዘዝ ትርፉ መትረፍ ነው።

ለማታ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያለ የባህል ምግብ ቤት የብሔር ብሔረሰቦችን ጭፈራ ለማየት ይመረጣል። ጨዋታ የናፈቃችሁ ግን ሙዚቃ የሌለበት ቤት ፈልጉ፤ መድረክ አጠገብ ተቀምጦ መነጋገር አይቻልም። የቅዳሜ ማታ ቦታ ቀድሞ ይያዛል፣ ስልክ ደውሉ። ምናሌው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ማካተቱን፣ የአገልግሎት ክፍያም መጨመሩን ሳታዙ ጠይቁ፤ ለአምስት ሰው ሲደመር ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አዲሱን ነጭ ቀሚስ ለብሳችሁ ወደ ማዕድ አትቅረቡ። ቀይ ወጥ ያስፈራል እንጂ ባሰ የሚያስቸግረው የአልጫው እርድ ነው፤ ሳሙና ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል። ሰው ደንግጦ በረኪና የሚያፈስበት እዚህ ላይ ነው፤ በረኪናው የጥበቡን ቀለም ይዞት ይሄዳል። ቅባቱን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አስለቅቁ፣ በደንብ አለቅልቁት፣ እድፉን ብቻ ፀሐይ እንዲያገኘው አድርጋችሁ ጥበቡን በጨርቅ ሸፍኑት፤ እርድ በፀሐይ ይነጣል። ሌላውን ጊዜ ቀሚሱ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃ ሳይዘፈዘፍ ነው፣ የሚሰጣውም ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ነው።