ቮልስ ወይስ ሴይቼንቶ? የድሮ መኪና ለምትገዙ

የድሮ መኪኖች ትርዒት ባለ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «ሴይቼንቶ አየሁ፣ ከቮልስ በግማሽ ዋጋ ነው፣ ልግዛት?» ይሉኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ተዋት፣ ቮልስ ግዛ።

ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ ማማሯን አልክድም። አዲስ አበባን በታክሲነት ያገለገለች ናት፤ ፎቶ ላይ ቮልስን ታስንቃለች። ግን ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። ራዲያተሩም ከሞተሩ ጎን ከኋላ ተጨናንቆ ነው ያለው። እስቲ 60 ዓመት ዝገት የጠጣ ራዲያተር ይዛችሁ የሽሮ ሜዳን ዳገት ውጡ። ትግላለች፣ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ክዳን ማሸጊያ) ታቃጥላለች፣ የአሉሚኒየም ቴስታታዋ (ክዳኑ ራሱ) ይጣመማል። ከዚያ ቶርኖ ቤት ነው። ጣሊያን ማምረት ያቆመችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ስለሆነ ዕቃ ፍለጋው ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ጓደኛዬ በርካሽ ገዝቶ መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ሲዞር ከረመ። «ኦሪጅናል» ብለው የሸጡለት ጓርኒሲዮን ፎርጂድ ነበር፤ ወዲያው ተነፈሰ።

እንበልና ሴይቼንቶዋ 350 ሺህ፣ ቮልሱ 700 ሺህ ብር ተባለ። ያ ልዩነት ኪሳችሁ አይቀርም። ቴስታታ፣ ራዲያተር፣ ጎታች መኪና እያለ ያልቃል። ስትሸጧት ደግሞ ያወጣችሁትን የሚመልስላችሁ የለም።

ቮልስ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የለውም። ሞተሩ በ4 ብሎን ይወርዳል። ሜክሲኮ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2003 ድረስ ስታመርተው ስለቆየች መለዋወጫው እስካሁን አለ። ችግሩ ሻጮቹ ናቸው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ ጭራሽ አይቀመሱም። «ጃንሆይ በ1967 ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው» እያሉም ዋጋ ይቆልላሉ። ታሪኩ እውነት ነው። ግን የናንተው ቮልስ ያ አይደለምና ለታሪኩ አትክፈሉ።

ትርዒት ላይ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ቀለሙ የደበዘዘውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ጉዱ ይታያል። አዲስ ቀለም ሥር ብዙ ጊዜ ስቱኮ (የዝገት ቀዳዳ መድፈኛ ልስን) አለ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩ ግርጌ ላይ አስጠጉት፤ ካልያዘ ላሜራው አልቋል። የኋላ መቀመጫውን አንሱ። ባትሪው በስተቀኝ እዚያው ሥር ነው፣ አሲዱ ወለሉን ይበላል። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው መሀል ላይ ስለተመታ ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። በመጨረሻ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የታችኛውን ትልቁን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) ይዛችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፣ ወደ ውጭ ሳቡት። ቋ ቋ ካለ ሞተሩ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል። የእድሳቱን ዋጋ ከራሳችሁ መካኒክ ጠይቁና ከ700 ሺሁ ላይ ቀንሱ። የሻጩን ግምት አትቀበሉ፤ ለእሱ ሁሉም ነገር «ትንሽ ነገር» ነው።

እዚያው ትርዒቱ ላይ ቀብድ እንዳትሰጡ። ሰው ከቦ ፎቶ ሲነሳ ሻጩ አይወርድም። መኪናውም እየተነዳ ስለመጣ ሞተሩ ሞቋል፣ የሞቀ ደግሞ አንዴ በቁልፍ ይነሳል። በማግስቱ በጠዋት ቤቱ ድረስ ሂዱና ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሻጩ «እስክትደርሱ ላሙቀው ብዬ ነው» ካላችሁ፣ ዋጋ የምታስቀንሱበት ምክንያት አገኛችሁ።